ከ«ንድፍ አፈጻጸም» ወደ «መነሻ ሥዕል»፤ በአንድ የቴክኒክ ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

1. መግቢያ

በቅርቡ አንድ የሥልጠና ጽሑፍ በእጃችን ገብቶ አነበብነው። ጽሑፉ የማሽን ዕቃዎችን በኮምፒዩተር መንደፍ ለሚማሩ ሠልጣኞች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ ሲሆን፣ ከምዕራፎቹ አንዱ «የዘገምተኛ ንድፍ አፈጻጸምን መጠገን» የሚል ርእስ ተሰጥቶታል። ርእሱን ከምዕራፉ ነጥለን ለሁለት የሥራ ባልደረቦቻችን አሳየናቸው። አንደኛው የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቅድ በጊዜው አለመፈጸሙን የሚመለከት ሪፖርት መሰለው። ሁለተኛው የሥዕል ትምህርት ደክሞት ወደ ኋላ ስለ ቀረ ተማሪ የተጻፈ ነው አለ። ሁለቱም አማርኛ አልሳቱም፤ «ንድፍ»፣ «አፈጻጸም» እና «መጠገን» የተባሉት ቃላት በአንድ ላይ ሲመጡ በአንባቢ አእምሮ የሚቀሰቅሱት ይህንኑ ነው።

ምዕራፉ ግን የሚናገረው ስለ ሌላ ጕዳይ ነው። በፓራሜትራዊ የነደፋ ፕሮግራም ውስጥ የሚሣል ሥዕል መስመርና ክብ እየበዛበት ሲሄድ ኮምፒዩተሩ እየዘገየ፣ አልፎ አልፎም እየቆመ ሠሪውን ያስቸግራል። ምዕራፉ ለዚህ ችግር መፍትሔ ያቀርባል። ምንጩን ከትርጉሙ ጋር አስተያይተን እንዳየነው፣ የእንግሊዝኛው ምክር ትክክለኛ ነው፤ ትርጉሙም አንድ ዐረፍተ ነገር አልዘለለም። ይሁንና ምክሩ በአማርኛው ሲነበብ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። የዚህ ሒስ ዓላማ እነዚህን ቦታዎች ማሳየትና ምክንያታቸውን መመርመር ነው። እንደ እኛ አመለካከት ምክንያቱ አንድ ነው። ለቴክኒክ ቃል የተሰጠው የአማርኛ ስያሜ የመዝገበ ቃላት ፍቺውን ይዞ፣ ቃሉ በሥራው ላይ የሚቈጥረውን ወይም የሚያስረውን ነገር ሲጥል፣ አንባቢው ችግሩን ሊለየው አይችልም፤ ያልለየውንም ሊያቃልለው አይችልም።

2. ጕዳዩ በአጭሩ

ቃላቱን ከመመርመራችን አስቀድሞ ነገሩን መረዳት ያስፈልጋል። በፓራሜትራዊ ነደፋ ሠሪው አንድን የማሽን ዕቃ ሲያዘጋጅ በመጀመሪያ በአንድ ገጽ ላይ ጠፍጣፋ ሥዕል ይሥላል። በሥዕሉ ውስጥ መስመሮች፣ ክቦችና ቅስቶች ይገኛሉ። ቀጥሎም «ይህ መስመር አግድም ይሁን፤ እነዚህ ሁለት ጫፎች ይገናኙ፤ ይህ ክብ ከዚያኛው ክብ ጋር እኩል ይሁን፤ የዚህ ጐን ርዝመት 300 ሚሊሜትር ይሁን» እያለ ያዝዛል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ትእዛዝ ወደ እኩልታ ይለውጥና ሁሉንም በአንድነት ይፈታል። ከዚያ በኋላ ለሥዕሉ ውፍረት ሲሰጠው ጠጣር አካል ይሆናል። አንድ ልኬት በተለወጠ ጊዜም የቀረው ተከትሎ ይለወጣል።

ዐሳቡ የቆየ ነው። አይቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ባቀረበው ሥራ፣ «ስኬችፓድ» በተባለ ፕሮግራም፣ በብርሃን ብዕር የተሣሉ መስመሮች ትይዩ ወይም ቀጤ ነክ እንዲሆኑ ማዘዝ እንደሚቻል አሳይቷል። ዘዴው በ1980ዎቹ መጨረሻ «ፕሮ ኢንጂነር» በተባለው ፕሮግራም ወደ ፋብሪካ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው «ሶሊድዎርክስ» ደግሞ በተራ የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ አስፋፋው። ዛሬም «ፍሪካድ» የተባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም በዚሁ ዘዴ ይሠራል።

የመዘግየቱ ምንጭ እዚሁ ላይ ነው። ሠሪው አንዱን ነጥብ በማውስ ይዞ ሲጐትት ፕሮግራሙ እኩልታዎቹን በእጁ እንቅስቃሴ ልክ ደጋግሞ ይፈታል። አንዱ ፍቺ የሴኮንድ ሃምሳኛ ቢወስድ ማንም አያስተውለውም፤ ግማሽ ሴኮንድ ቢወስድ ግን ሥዕሉ ከሠሪው እጅ ወደ ኋላ ይቀራል። በተራው የማትሪክስ ስሌት ደግሞ ያልታወቁት ቍጥሮች በእጥፍ ሲጨምሩ ሥራው ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል። ፈቺዎች ይህን ሸክም ለማቃለል እርስ በርሳቸው ያልተሳሰሩትን የሥዕል ክፍሎች ለየብቻ ይፈታሉ፤ ሁሉም ከሁሉ ጋር ከታሰረ ግን መለየት አይቻልም። ፍቺው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የማስሊያ ክፍል ተራ በተራ የሚከናወን ስለሆነም፣ ብዙ የማስሊያ ክፍሎች ያሉት ውድ ኮምፒዩተር መግዛቱ እምብዛም አይጠቅምም። ዋናው መፍትሔ በሥዕሉ አሣሣል ላይ ነው። አሣሣልን የሚያስተምረው ደግሞ ጽሑፉ ነውና ወደ ቃላቱ እንመለስ።

3. «ንድፍ» የተሸከመው ጭነት

ተርጓሚው «ስኬች» የሚለውን ቃል «ንድፍ» ብሎታል። በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ «ዲዛይን» የሚለውም «ንድፍ» ተብሏል፤ «ፓተርን» የሚለውም እንዲሁ። ስለዚህ ምንጩ «በስኬቹ ውስጥ ፓተርን አትጠቀም፤ ዲዛይንህ ይዘገያል» የሚል ዐሳብ ባለበት ቦታ ሠልጣኙ «በንድፉ ውስጥ ንድፍ አትጠቀም፤ ንድፍህ ይዘገያል» የሚል ያነባል። ይህ የምዕራፉ ዋነኛ ምክር ነው፤ በአማርኛው ግን ምንም አይናገርም።

ከሦስቱ «ንድፍ» የሚለው ቃል በሕዝብ ዘንድ ለ«ዲዛይን» ስለ ለመደ ለእርሱ ቢተው ይመረጣል። ለ«ስኬች» አንዳንዶች «ረቂቅ» የሚለውን ሲያቀርቡ ሰምተናል። እኛ አንቀበለውም። እንግሊዝኛው ራሱ በዚህ ቦታ አሳሳች ነው፤ በተራ አነጋገር ስኬች ማለት በእጅ የተጣለ፣ ልኩ ያልተረጋገጠ ሥዕል ነው። በፓራሜትራዊ ፕሮግራም ውስጥ ግን ስኬች ሲጨረስ ፍጹም ልክ ያለው ሥዕል ሲሆን ጠጣሩ አካል የሚነሣውም ከእርሱ ነው። «ረቂቅ» ብንለው የእንግሊዝኛውን ስሕተት ወደ አማርኛ ማሻገር ይሆንብናል። ስለሆነም «መነሻ ሥዕል» እንዲባል እናሳስባለን። ቃሉ ሁለት ክፍል ያለው መሆኑ ጕድለት ነው፤ ቢሆንም ሥዕሉ በሥራው ቅደም ተከተል ውስጥ ያለውን ስፍራ ይናገራል።

«ፓተርን» አንድን ቅርጽ በረድፍ ወይም በክብ እየደረደሩ ማባዛት ነው። «ድርድር» ቀርቦ ይታየናል፤ ነገር ግን ሰሚው በመጀመሪያ የሚያስበው የሁለት ወገኖችን ውይይት ነው። «ድግግሞሽ» በፊዚክስ ለሌላ ነገር ተይዟል። የድርጊት ስሙን «ድርደራ» ብንወስድ ሥርወ ቃሉ ሳይጠፋ ግርታው ይወገዳል።

4. «ገደብ» ወይስ «ቁርኝት»

«ኮንስትሬይንት» የተባለውን ቃል ተርጓሚው በአብዛኛው «ገደብ»፣ በሁለት ቦታ «እገዳ» ብሎታል። «እገዳ» የፍርድ ቤትና የመሥሪያ ቤት ቃል ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። «ገደብ» ግን ጠንካራ ደጋፊዎች አሉት፤ አጭር ነው፣ ንጹሕ አማርኛ ነው፣ ሰውም ያውቀዋል። ተቃውሟችን ከፍቺው የሚነሣ ነው። ገደብ «ከዚህ አትለፍ» ይላል፤ የፍጥነት ገደብ፣ የዕድሜ ገደብ፣ የጊዜ ገደብ ስንል ከወሰኑ በታች ያለው ሁሉ የተፈቀደ ነው። በመነሻ ሥዕል ውስጥ የሚሰጡት ትእዛዞች አብዛኞቹ እንዲህ አይደሉም። ሁለት ጫፎች ይገናኙ ሲባል የሚፈለገው በአንድ ስፍራ እንዲቆሙ እንጂ እስከ አንድ ወሰን እንዲራራቁ አይደለም።

ይህ ልዩነት በሥራ ላይ ውጤት አለው። «ገደብ» የሚለውን ቃል የሰማ ሠልጣኝ ገደብ ሁሉ ጭነት ነው ብሎ ያስባል፤ ሥዕሉ ሲዘገይበትም ገደቦቹን እየነቀለ ይጥላል። እውነቱ ግን እንደ ትእዛዙ ዐይነት ይለያያል። ሁለት ጫፎች እንዲገናኙ ሲታዘዝ አንዳንድ ፈቺዎች የሁለቱን ነጥቦች ያልታወቁ ቍጥሮች እንደ አንድ ስለሚቈጥሯቸው ሥራው ይቀንሳል። አንዱን እውነት ሁለት ጊዜ የሚናገር ትእዛዝ ግን ምንም ሳይጨምር ፈቺውን ያደክማል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ስንት ናቸው?» ብቻ ሳይሆን «ምንን ከምን ያስራሉ?» የሚል ነው።

ለዚህ የሚስማማ ቃል አማርኛ አለው። በቀድሞው ዘመን ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ በአንድ ሰንሰለት ይቈራኙ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ «ቁራኛ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይከተላል፤ ከሁለት አንዱ ብቻውን አይንቀሳቀስም። ከዚሁ ሥር የወጣው «ቁርኝት» ዛሬ ያለ ክፉ ትዝታ ይነገራል፤ ግሱም «ማቆራኘት»፣ «መቆራኘት»፣ «የተቆራኘ» እየተባለ በቀላሉ ይረባል። በምንጩ ቋንቋ አንዳንድ ፕሮግራሞች ይህንኑ ነገር «ሪሌሽን» ማለትም ግንኙነት ይሉታል፤ «ቁርኝት» ሁለቱንም ስሞች ሊሸከም የሚችል መሆኑ ተጨማሪ ጥቅም ነው። «ገደብ»ን ደግሞ ከፍተኛና ዝቅተኛ ወሰን ላላቸው ትእዛዞች እናቈየው።

5. «የነፃነት ዲግሪ»

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ይህ ነው። ተርጓሚው «የነፃነት ዲግሪ» ሲል በግርጌው «ወይም የነፃነት ደረጃ» የሚል አክሎበታል። ዲግሪ ለተራ አንባቢ የዩኒቨርሲቲ ማዕረግ ወይም የሙቀት መለኪያ ነው። ደረጃ ደግሞ አንደኛ፣ ሁለተኛ እየተባለ የሚበላለጥ ነው። እዚህ ያለው ነገር ግን ማዕረግም ብልጫም የለውም፤ ተራ ቈጠራ ነው። አንድ ቅርጽ ገና ያልተወሰኑለት ልኮች ስንት ናቸው? ነጥብ ሁለት አለው፤ መስመር በሁለት ጫፎቹ አራት አለው፤ ክብ የመካከሉ ስፍራና ሬዲየሱ ተደምረው ሦስት አለው፤ ቅስት አምስት አለው። እኛ «ነፃ ልክ» እንዲባል እናሳስባለን። «ልኬት» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ስላለው፣ አንድ ልኬት በተሰጠ ቍጥር አንድ ነፃ ልክ እንደሚቀነስ ቋንቋው ራሱ ያስረዳል።

ቃሉ ቈጠራን እንዲያስተምር ከፈለግን በምሳሌ እንሞክረው። ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ከአራት መስመሮች ሲሠራ 16 ነፃ ልኮች አሉት። አራቱ ማዕዘኖች ሲገናኙ 8 ይቀነሳሉ። ሁለቱ መስመሮች አግድም፣ ሁለቱ ቁም ሲሆኑ 4 ይቀነሳሉ። ወርዱና ቁመቱ ሲለኩ 2 ይቀነሳሉ። አንዱ ማዕዘን በመነሻው ነጥብ ላይ ሲያርፍ የመጨረሻዎቹ 2 ይጠፋሉ። ሥዕሉ ምሉእ ቁርኝት አገኘ ማለት ነው፤ በሶሊድዎርክስ ሰማያዊው መስመር ጥቁር፣ በፍሪካድ ሥዕሉ አረንጓዴ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው። «የነፃነት ደረጃው ዜሮ ሆነ» ተብሎ የተነገረው ሠልጣኝ የቀለሙን ለውጥ ያያል እንጂ ምክንያቱን አያገኘውም።

6. «ጠግን» ያስከተለው ጥፋት

የእንግሊዝኛው «ፊክስ» ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው የተበላሸን ማበጀት ነው። ሁለተኛው የማይነቃነቅ አድርጎ ማቆም ነው፤ በነደፋ ፕሮግራሞች ውስጥም በዚህ በሁለተኛው ትርጉሙ የአንድ ትእዛዝ ስም ሆኗል። በምዕራፉ ርእስ ላይ ያለው የመጀመሪያው ሲሆን፣ በምክሮቹ ዝርዝር ውስጥ «ያለቁትን ቅርጾች ለጊዜው ፊክስ አድርግ» በሚለው ላይ ያለው ሁለተኛው ነው። ተርጓሚው ለሁለቱም «ጠግን» የሚል አንድ ቃል ሰጥቷል።

ጽሑፉ በሥራ ላይ ሲውል ለማየት በአንድ የሥልጠና ክፍል ተገኝተን ነበር። ሠልጣኞቹ 300 በ200 ሚሊሜትር የሆነ፣ 48 ቀዳዳዎች ያሉት ሰሌዳ ይሥሉ ነበር። አንዱ ወጣት ወደዚህ ምክር ሲደርስ «ያለቁትን ቅርጾች ለጊዜው ጠግን» የሚለውን ደጋግሞ አነበበና ያለቀው ለምን እንደሚጠገን ግራ ገባው። በመጨረሻ የተበላሸ ያለ መስሎት ክቦቹን አጥፍቶ እንደ ገና መሣል ጀመረ። አጠገቡ የነበረችው ሠልጣኝ እንግሊዝኛውን ታውቅ ስለ ነበር የትእዛዙን ስም በፕሮግራሙ ውስጥ አገኘችው። «ለጊዜው» የሚለው ግን ከመጠገን ጋር አልገጥም ስላላት ተወችው። 48ቱንም ክቦች ልኬት ሳትሰጣቸው በያሉበት አቆመቻቸው። ሥዕሉም ወዲያው ፈጠነ። አሠልጣኙ ወርዱን ከ300 ወደ 360 እንድትለውጥ ባዘዛት ጊዜ ግን የሰሌዳው ጠርዝ ሄደ፤ ቀዳዳዎቹ በነበሩበት ቀሩ። ብረት የሚቈርጥ ማሽን ላይ ቢሆን ኖሮ ሰሌዳው ከጥቅም ውጭ ይሆን ነበር።

የዚህች ሠልጣኝ ስሕተት ጥልቅ ትርጉም አለው። ሁሉን በያለበት ማቆም ሥዕሉን በእርግጥ ያፈጥነዋል፤ ፈቺው የሚፈታው ነገር አይቀርለትምና። ነገር ግን ፓራሜትራዊ መሆኑ ያበቃል። መፍጠኑ የተገኘው ሥዕሉ መለወጥ ስላቆመ ነው። እንዲህ ያለውን አደጋ ሊያስጠነቅቅ የሚችል ቃል «ጠግን» ሊሆን አይችልም፤ መጠገን ሁልጊዜ መልካም ነውና። «ቸንክር» ቢባል ግን ማንም ሰው የተቸነከረ ነገር እንደማይሄድ፣ ለመሄድም ችንካሩ መነቀል እንዳለበት ያውቃል። ለርእሱ «ማፍጠን»፣ ለትእዛዙ «መቸንከር» ይበቃል።

7. ሌሎች ነጥቦች

«ሬደንዳንት» እና «ኮንፍሊክቲንግ» የተባሉት ሁለቱም «ከመጠን ያለፈ ገደብ» ተብለዋል። የመጀመሪያው የተባለውን መድገም ነው፤ አግድም የሆኑ ሁለት መስመሮችን መልሶ «ትይዩ ሁኑ» ማለት ነው። ሁለተኛው እርስ በርሱ የሚጣላ ነው፤ ለአንድ መስመር 40ም 50ም ሚሊሜትር ርዝመት መስጠት ነው። የፊተኛው «ትርፍ ቁርኝት»፣ የኋለኛው «ተጻራሪ ቁርኝት» ቢባሉ የትኛው ያለ ጕዳት እንደሚነሣ፣ የትኛው ደግሞ ምርጫን እንደሚጠይቅ ይለያል።

«የግንባታ መስመር» የተባለው ከቤት ሥራ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። ለመሣል የሚያግዝ፣ ወደ ጠጣሩ አካል የማይገባ መስመር ስለሆነ «ረዳት መስመር» ይበቃዋል። አስተማሪው ግን አንድ ነገር ሊያክልበት ይገባል፤ ረዳት መስመርም እንደ ማንኛውም መስመር አራት ነፃ ልኮች ስላሉት ከፈቺው ዘንድ በነፃ አያልፍም።

ተርጓሚው የሚመሰገንባቸውም አሉ። ፕሮግራሙ ውስጥ እኩልታዎቹን የሚያሰላውን ክፍል «ፈቺ» ማለቱ አጭርና ግልጽ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እኛም የተጠቀምንበት ስለዚህ ነው። «ፓራሜትር»ን «መለኪያ» ሳይል እንዳለ መተዉም ጥንቃቄ ነው፤ መለኪያ በአማርኛ የመለኪያ መሣሪያ ነውና።

8. ምክሩ እንደ ገና ሲጻፍ

በቀረቡት ቃላት የምዕራፉን ዋና ምክር እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

«የዘገየን መነሻ ሥዕል ለማፍጠን አስቀድመው ቅርጾቹን ይቍጠሩ። ተመሳሳይ ቀዳዳዎች ካሉ አንዱን ብቻ ሥለው የቀሩትን በጠጣሩ አካል ላይ በድርደራ ያውጡ። ማዕዘን ማለዘብን ከመነሻ ሥዕሉ አውጥተው በጠጣሩ አካል ላይ ያድርጉት። ብዙ ክፍል ያለውን ሥዕል ወደ ሁለትና ሦስት መነሻ ሥዕሎች ይክፈሉት። ትርፍ ቁርኝቶችን ያስወግዱ። ከሌላ ፋይል የመጣ ሥዕል በጥቃቅን መስመሮች የተቈራረጠ ከሆነ በጥቂት መስመሮችና ቅስቶች ይተኩት። መቸንከር ለጊዜው ብቻ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ችንካሩን ነቅለው በልኬት ይተኩ።»

የሰሌዳውን ምሳሌ በዚህ ምክር ብንፈትነው፣ 48ቱ ክቦች 144፣ ዙሪያው 16፣ በጠቅላላው 160 ነፃ ልኮች ነበሩ። አንዱን ክብ ብቻ ሥለን የቀሩትን በድርደራ ብናወጣ 19 ይሆናሉ። አራቱን ማዕዘኖች በመነሻ ሥዕሉ ውስጥ ብናለዝብ ግን አራት ቅስቶች፣ ማለት ሌሎች 20 ይጨመሩ ነበር። ሠልጣኙ ይህን ቈጠራ በወረቀት ላይ ሊያደርገው ይችላል። «የነፃነት ደረጃ»፣ «ገደብ» እና «ንድፍ» በተባሉት ቃላት ግን ሊቈጥረው የሚችል ነገር አልተሰጠውም ነበር።

9. ማጠቃለያ

በአማርኛ የስያሜ ሥራ የቃሉን ምንጭ መፈለግ፣ ማለትም ከአማርኛው ነው ከግእዙ ነው ብሎ መመርመር፣ ተገቢውን ትኵረት አግኝቶ ኖሯል። ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ፈተና እንዲጨመር እንጠይቃለን፤ ይኸውም ስያሜው ከመጽደቁ በፊት በአንድ የሥራ መመሪያ ውስጥ ገብቶ፣ ሥራውን በማያውቅ ሰው እጅ ይሞከር የሚል ነው። በዝርዝር ውስጥ ተለይቶ ሲታይ «ገደብ» የሚነቀፍበት ነገር የለም፤ «ጠግን»ም እንዲሁ። ስሕተታቸው የታየው ወጣቱ ክቦቹን ባጠፋ ጊዜ ነው።

ጕዳዩ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያትም አለ። እንደ ፍሪካድ ያሉ ፕሮግራሞች ወደ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች የሚመለሱት በበጎ ፈቃደኞች ነው። አንድ ተርጓሚ ዛሬ የሚመርጠው ቃል በፕሮግራሙ ዝርዝር ላይ ከታተመ በኋላ በየዕለቱ ስለሚነበብ፣ ኋላ ልናርመው ብንፈልግ ለምዶ እናገኘዋለን።

ከእኛ አሳቦች መካከል «ነፃ ልክ» ገና ያልጠና መሆኑን እናምናለን፤ «ልክ» በዕለት ንግግር «ትክክል» ማለትም ስለሆነ ብዙ ቍጥር ሲሆን የሚያደናግርበት ስፍራ ሊኖር ይችላል። በሙያው ያሉ አንባብያንና ተርጓሚዎች የተሻለ ካላቸው በሚቀጥሉት እትሞች እንዲያቀርቡልን እንጠይቃለን። ስናቀርበው እንዳየነው ሁሉ፣ የሚቀርበውም ቃል ከቈጠራው ጋር አብሮ ቢቀርብ መልካም ነው።